የሕንፃ ተቋራጭ ፈቃድ ለማውጣትና ለብቃት ምዘና ለመዘጋጀት፦ ከጅማ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ፎርማን፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጅማ ከተማ በመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ላይ በፎርማንነት ስሠራ ቆይቻለሁ። የደረጃ 3 የግንባታ ሥልጠና የጨረስኩ ቢሆንም የሙያ ብቃት ምዘናውን ገና አልወሰድኩም። እስካሁን ሥራ የማገኘው ፈቃድ ካላቸው ተቋራጮች በእጅ ዋጋ (በጉልበት ክፍያ ብቻ) እየተረከብኩ ነው። አሁን በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቀ የአክስቴ ልጅ ጋር ድርጅት አቋቁመን በራሳችን ስም መሥራት እንፈልጋለን። ምዘናውን ካለፍኩ ፈቃዱ ይሰጠኛል ወይስ ሌላ መንገድ አለው? ጂሲ (ጠቅላላ ተቋራጭ) ይሻለናል ወይስ ቢሲ (የሕንፃ ተቋራጭ)? ለጽሑፍ ፈተናውስ እንዴት ልዘጋጅ? የሳይቱን ሥራ አውቃለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን እጄ ይታሰራል።

መልስ፦ የፈቃድ ጉዳይ አስፈጻሚ

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ አስቀድሜ ልለየው። ምዘናው የሚመለከተው እርስዎን እንደ ባለሙያ ነው፤ የተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ ግን የሚሰጠው ለድርጅቱ ነው። ድርጅቱ የተመዘገቡ ባለሙያዎች፣ ለደረጃው የተጠየቀው መሣሪያና የፋይናንስ አቅም እንዳለው ካሳየ በኋላ የብቃት ማረጋገጫውን ያገኛል፤ ያንን ይዞ ደግሞ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ንግድ ፈቃድ ያወጣል። ስለዚህ ምዘናውን ማለፍዎ በድርጅቱ ፋይል ውስጥ ከሚገቡት ሰነዶች አንዱን ያሟላል እንጂ በራሱ ተቋራጭ አያደርግዎትም። የአክስትዎ ልጅ ዲግሪም ቢሆን በባለሙያነት ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ካልወጣበት ለብቻው አይቆጠርም።

ጂሲ ጠቅላላ ተቋራጭ ስለሆነ ሕንፃንም መንገድንም ያጠቃልላል፤ የሚጠየቀው የሰው ኃይልና መሣሪያም በዚያው ልክ ይሰፋል። ቢሲ በሕንፃ ሥራ የተወሰነ ነው። እንደ ጻፉት ልምድዎ በሙሉ የሕንፃ ስለሆነ በእኔ አስተያየት ቢሲ ይበቃዎታል። ደረጃ 1 ትልቁ ሲሆን ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚፈቀደው የሥራ መጠን እያነሰ ይሄዳል። መስፈርቱ በመመሪያ የሚወሰንና የሚሻሻል በመሆኑ ከጓደኛ ፎቶ ኮፒ አይውሰዱ፤ በሥራ ላይ ያለውን ዝርዝር ከሚመለከተው የክልሉ መሥሪያ ቤት በአካል ጠይቀው ይያዙ።

መልስ፦ ሲቪል መሐንዲስ፣ ቂጦ ፉርዲሳ፣ ጅማ

ስለ ዝግጅቱ ልጨምር። ሳይት ላይ ያደጉ ሰዎች የሚቸገሩት የሚያውቁትን ነገር በቁጥር ሲጠየቁ ነው፤ ስለዚህ ከማንበብ ይልቅ ማስላት ይለማመዱ።

ለምሳሌ ርዝመቱና ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.4 ሜትር የሆነ የመሠረት ፉቲንግ ይውሰዱ። ይዘቱ 0.9 ሜትር ኩብ ነው። ሲ-25 ለተባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ብንይዝ 324 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ስድስት ተኩል ገደማ ነው። ለፌሮ ክብደት ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተው ለ162 ያካፍሉ። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን የ12 ሜትሩ ዘንግ 10.7 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ያለ ሞርታር ሲሰላ በካሬ ሜትር 12.5 ይገባል፤ ግድግዳ ሲለኩ የበርና የመስኮቱን ክፍተት መቀነስ አይርሱ።

ከስሌቱ ባሻገር ምክንያቱን መናገር መቻል አለብዎት። በጅማ ዝናብ ክፍት ሜዳ ላይ የተከመረ አሸዋ ውሃ ይይዛል። ፎርማኑ የተለመደውን ባልዲ ውሃ ቢጨምር አርማታው ይቀጥናል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። ከዚህ በተጨማሪ እርጥብ አሸዋ ስለሚያብጥ በሳጥን ሲሰፈር ሳጥኑ የሞላ ቢመስልም ትክክለኛው የአሸዋ መጠን ያነሰ ነው። ይህን የሚያስረዳ ሰው ቁጥሩን በቃሉ ከያዘው ይበልጣል። የ15 ሴንቲ ሜትር ኩብ የአርማታ ናሙና ለምን በ7 እና በ28 ቀን እንደሚሰበርም በዚሁ መንገድ ይዘጋጁበት፤ የ28 ቀኑ ውጤት ዋናው ማረጋገጫ ሲሆን የ7 ቀኑ ቀደም ብሎ ችግር መኖሩን ይጠቁማል።

መልስ፦ አናጺና ግንበኛ

የተግባሩን ክፍል አይናቁት። ሥራ የለመደ እጅ ይቸኩላል፤ መዛኙ ግን ቱንቢና ውሃ ልክ መቼ እንዳነሡ፣ የደኅንነት ቆብና ጫማ ማድረግዎን፣ ጨርሰው ቦታውን ማጽዳትዎን ሁሉ ይመለከታል። ውጤቱ ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ተብሎ ስለሚገለጽ የአንዱን ክፍል ድክመት ሌላው አይክሰውም።

መልስ፦ ነባር ተቋራጭ

ልጄ፣ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። መስፈርቱን ለመሙላት የማያውቁትን መሐንዲስ ስም በክፍያ ተውሰው ፋይል የሚያስገቡ አሉ፤ የራሳቸውን ፈቃድ ለሌላ የሚያከራዩም አልጠፉም። ሁለቱንም ራቃቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሠሪ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራውን ትክክለኛነትና ጽናት እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ሶሌታው ቢሰነጠቅ ባለቤቱ የሚፈልገው ውሉ ላይ የፈረመውን ነው፤ ስሙን ያከራየው ሳይቱን አይቶት እንኳ ላያውቅ ይችላል። የአክስትህ ልጅ እውነተኛ አጋር ከሆነ ድርሻውንና ኃላፊነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ ዘመድ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢሲውን መርጠናል። አንድ ቀረኝ፤ እስከዚያው የእጅ ዋጋ ሥራዬን ብቀጥል ለልምድ ይያዝልኛል?

መልስ፦ የፈቃድ ጉዳይ አስፈጻሚ

ሰነድ ካለው ሊጠቅምዎት ይችላል፤ በቃል የሠሩት ግን ማስረጃ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሥራ ውል ይኑርዎት፤ ሲጨርሱም የሥራውን ዓይነት፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የክፍያውን መጠንና የእርስዎን ኃላፊነት የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ይቀበሉ። ደብዳቤውን የመጨረሻውን ክፍያ በሚቀበሉበት ዕለት ይጠይቁ፤ ሥራው አልቆ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ ተቋራጩን ማግኘት ይከብዳል።