«አቤት ባይ» ወይስ «አውሣኢ»? የግብፅ የመቃብር ምስል በአማርኛ

ጠያቂ፦ አንዲት የሙዚየም መግለጫ አስቸግራኛለች፦ «ከሟቹ ጋር የተቀበረ ሰማያዊ የሸክላ አሻንጉሊት፤ የክታብ ዓይነት።» ዕቃው ስንዝር አይሞላም፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ መቆፈሪያ ይዟል፣ በጀርባው የዘር ከረጢት አለ። «ክታብ» ይባላል?

ባለቅኔ፦ አስቀድሞ «አሻንጉሊት» ይውጣ፤ የልጅ መጫወቻ አይደለም። ግብፆቹ «ኡሸብቲ» ያሉት «ወሸበ»፣ መለሰ፣ ከሚለው ነው። የእኛው የግዕዝ «አውሥአ ወይቤ»፣ «መለሰና አለ»፣ መሆኑ አይታያችሁም? ሥሩ አንድ ነው። «አውሣኢ» በሉት።

ፊደል ፈታሽ፦ መምህር፣ የግብፁ ወ-ሸ-በ፣ የግዕዙ ወ-ሥ-አ ነው። «በ» የት ገባች? ደግሞስ የጥንቱ ስም «ሻብቲ» ነው፤ «ኡሸብቲ» የገነነው ከ21ኛው ሥርወ መንግሥት ወዲህ ነው። «መላሽ» የሚለውን ፍቺ ግብፆቹ ራሳቸው ኋላ አምጥተውት ይሆናል።

የድጓ ልጅ፦ ከሥሩ ይልቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ እንይ። ግብፆቹ ለሟች በሚያዘጋጁት የድግምት መጽሐፍ፣ በመጽሐፈ ሙታን፣ ምዕራፍ 6 ሟቹ እርሻ ለማረስ፣ መስኖ ለማጠጣት፣ አሸዋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለማጋዝ ሲጠራ፣ ምስሉ በእሱ ፈንታ «እነሆኝ» ይላል። በግዕዝ «ነየ» ነው፤ በአማርኛ ግን ሰው ሲጠራ «አቤት!» ይላል። «አቤት ባይ» ብንለውስ?

ባለቅኔ፦ አቤት ባይማ ዳኛ ፊት የቆመ በዳዩን ከሳሽ ነው!

የድጓ ልጅ፦ ያ «አቤት» ማለት አቤቱታ ሲሆን ነው። ጥሪን መቀበል ሌላ ነው።

እሳትና አፈር፦ «ሸክላ»ንም አርሙ። ይህ ፋያንስ ነው፤ ከሸክላ አፈር አይሠራም። የተፈጨ ኳርትዝ፣ ጥቂት ኖራ፣ ናትሮን የተባለ ጨው ወይም የዕፅ አመድ ይለወሳል፤ ሰማያዊው ከመዳብ ነው። ሊጡ ሲደርቅ ጨዉ ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ያብረቀርቃል። እየደረቀ ሳለ ጣት ከነካው ቅርፊቱ ይረግፍና ያ ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። የተቀመጠበት ወገን ብዙ ጊዜ የማያብረቀርቀውም ለዚህ ነው። ሁሉም ግን ፋያንስ አይደለም፤ በሱዳን፣ በኑሪ የተገኙት የኩሹ ንጉሥ የታሃርቃ፣ የኢሳይያስ 37፥9ኙ የቲርሐቅ፣ ከ1,000 በላይ ምስሎች ከድንጋይ የተጠረቡ ናቸው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ክታብስ?

ፊደል ፈታሽ፦ ክታብ «ከተበ» ካለው ነው፤ ጽሕፈት ይፈልጋል፣ ሰውነት ላይም ይታሰራል። የመጽሐፈ ሙታን ምዕራፍ 30 የተቀረጸበት የልብ ጥንዚዛ፣ በጥንዚዛ ቅርጽ የተሠራው ምስል፣ ቢሆን እስማማ ነበር፤ ሟቹ ደረት ላይ ይቀመጥ ነበርና። ይህ ግን ጽሕፈት ቢኖረውም አይታሰርም፤ በሣጥን ይቀመጣል።

ባለቅኔ፦ ጽሕፈት ካለው ክታብ ነው፣ መታሰሩ ትርፍ ነው። ወደ ቁም ነገሩ፦ ከፈርዖኑ ቱታንክሃሙን 413 ምስሎች 365ቱ ሠራተኞች፣ 36ቱና 12ቱ አለቆች ናቸው። አለቃ «አቤት» ይላል?

የድጓ ልጅ፦ ከበላዩ የሚጠራው ካለ ይላል። እርስዎስ 48ቱን አለቆች «አውሣኢ» ሊሏቸው ነው?