ማኪኖ ሾዞ የሚባለውን የጃፓን ዳይሬክተር የሚያውቅ አለ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማታ አሮጌ ፊልም እያየን እንከራከራለን፣ አሁን የጃፓን ተራ ደርሷል። ዳይሬክተሩን ኩሮሳዋን ሁሉም ያውቀዋል። ከሱ በፊትስ ማን ነበር ብዬ ስፈልግ ማኪኖ ሾዞ ላይ ደረስኩ፣ «የጃፓን ፊልም አባት» ይሉታል። በመቶ የሚቆጠር ፊልም ሰርቷል ተብሎ የሚታይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ እንዴት ሰራው? የትስ ገባ?

ፍኖተ ሰላም ነኝ፦
ሰውዬው መነሻው ቲያትር ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1878 ኪዮቶ ተወለደ፣ ሴንቦንዛ የሚባል ቲያትር ቤት ያስተዳድር ነበር። በ1908 ዮኮታ የተባለ የፊልም ነጋዴ ፊልም ስራልኝ አለው። ተዋናዩ በእጁ፣ ልብሱ በእጁ፣ ለምን እምቢ ይላል? የመጀመሪያውን የጦርነት ታሪክ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ቀረጸ። በዓመቱ ኦኖዬ ማትሱኖሱኬን አመጣ፣ ከከተማ ከተማ የሚዞር የካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ቲያትር) ተዋናይ ነው፣ ዓይኑን ሲያፈጥ ተመልካቹ ያብድ ነበር። ፍጥነቱ ከየት መጣ ላልከው፣ ፊልሞቹ አጫጭር ናቸው፣ ካሜራው ከቆመበት አይነቃነቅም፣ ታሪኩን ሕዝቡም ተዋናዩም በቃሉ ያውቀዋል። ስክሪፕት ብሎ ነገር የለም። ማኪኖ ካሜራው አጠገብ ቆሞ ንግግሩን እየጮኸ ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይቀበሉታል። አለቀ።

ጣና ዳር፦
ታዲያ ይሄ ቲያትር መቅረጽ እንጂ ፊልም ነው እንዴ? የሴቱን ቦታ እንኳ ወንዶች ናቸው የሚጫወቱት። አባት ማለት በዝቷል ባይ ነኝ።

ፍኖተ ሰላም ነኝ፦
@ጣና ዳር አትቸኩል። በ1921 ያወጣውን ጂራይያ የሚባል ፊልም እይ። ባለታሪኩ ጂራይያ አስማተኛ ነው፣ ካሜራውን አቁመው ሲያስነሱት በሱ ቦታ ትልቅ ጉርጥ ቁጭ ብሏል። ይሄ መድረክ ላይ አይሆንም። በዚያው ዓመት ደግሞ ማኪኖ ይሰራበት የነበረውን ኒካትሱ የተባለ የፊልም ድርጅት ትቶ የራሱን ድርጅት አቋቋመና ባንዶ ጹማሳቡሮን የመሰሉ ወጣቶችን አስገባ፣ የሰይፍ ውጊያው ያኔ ነው ፍጥነት ያገኘው። «አንደኛ ታሪክ፣ ሁለተኛ የጠራ ምስል፣ ሦስተኛ እንቅስቃሴ» ይል ነበር። ታሪክን ያስቀደመ ሰው እንዴት ካሜራ ብቻ ደቀነ ትላለህ?

እቴጌ ከሞጣ፦
ሁለታችሁም ቤንሺን፣ ተራኪውን፣ ረሳችሁት። ፊልሙ ድምፅ የለውም፣ ስክሪኑ አጠገብ የቆመ ሰው ነው የሚተርከው፣ የሁሉንም ድምፅ የሚያወጣው። ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የሕንድ ፊልም የሚተረጉምልንን ልጅ አስቡት፣ እሱ ደህና ከሆነ ፊልሙ ደባሪ ቢሆንም ማን ይወጣል?

የት ገባ ለሚለው፣ የዚያን ጊዜ ፊልም ናይትሬት ነው፣ እሳት ሲያይ ቤንዚን ማለት ነው። በ1923 የቶኪዮ መሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ አለ፣ ኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ አለ፣ የተረፈውንም ማንም ቁም ነገር ብሎ አላስቀመጠውም። ማኪኖ ራሱ አላመለጠም እኮ። በ1928 ትልቁን ሥራውን ቹሺንጉራን ኤዲት ሲያደርግ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሳ፣ ነጌቲቩ (ዋናው የተቀረጸበት ፊልም) ብዙው ተበላሸ። በተረፈው አወጣው። በዚያው ዓመት ዋና ዋና ተዋናዮቹ ጥለውት ሄዱ። በ1929 ገና 50 ዓመቱ ላይ ሞተ፣ ድርጅቱን ከነዕዳው ለልጆቹ ትቶ። ልጁ ማሳሂሮ ግን አልሰነፈም፣ እሱም በመቶ የሚቆጠር ሰርቷል።

የማርቆስ ልጅ፦
እናመሰግናለን እቴጌ፣ እሳቱን ጭራሽ አልሰማሁም ነበር። ጂራይያ ረጅም ነው እንዴ?

ፍኖተ ሰላም ነኝ፦
የተረፈው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ታገኘዋለህ። ያለ ድምፅ ስለሆነ ከመሃላችሁ አፈኛውን ልጅ አስተርኩት።