«ማይንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ ስንት ነው? «ዉድ ዩ ማይንድ» ለሚል ጥያቄስ የሚመለሰው «የስ» ነው ወይስ «ኖ»?

ጥያቄ (ጸሐፊዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራዬ ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር በኢሜይል እጻጻፋለሁ። ዛሬ የደረሰኝ መልእክት «ዉድ ዩ ማይንድ ሴንዲንግ ሚ ዘ ፋይል ባይ ተርስዴይ?» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ኔቨር ማይንድ ዘ ሰከንድ ፔጅ» የሚል አለበት። መዝገበ ቃላቴ «ማይንድ» ማለት አእምሮ ነው ይላል፤ በዚህ ትርጉም ግን ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስሜት አይሰጡም። ፋይሉን እስከ ሐሙስ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ። ታዲያ «የስ» ልበል ወይስ «ኖ»? ሁለተኛውን ገጽስ ምን አድርጊ እያለኝ ነው? ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚገባባቸውን ሌሎች ቦታዎችም ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ (የትርጉም ሠራተኛ)

እህቴ፣ እዚህ ላይ «ማይንድ» ግስ ነው፤ ፍቺውም ቅር መሰኘት ነው። ደንበኛሽ የጠየቀሽ «ፋይሉን እስከ ሐሙስ ብትልኪልኝ ቅር ይልሻል?» ብሎ ነው። በአማርኛ እንዲህ ብንጠየቅና ፈቃደኛ ብንሆን «ኧረ ምንም አይለኝም» እንላለን እንጂ «አዎ» አንልም። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፤ ፈቃድሽ የሚገለጸው በአሉታ ነው። «ኖት አት ኦል» ወይም «ኦፍ ኮርስ ኖት» ብለሽ ጻፊ። «የስ፣ አይ ዱ ማይንድ» ካልሽ ግን «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብለሽ ፊት መንሣትሽ ነው።

«ኔቨር ማይንድ» ማለት «ግድ የለም፣ ተዪው» ነው። ሁለተኛውን ገጽ አታስቢበት እያለሽ ነው።

መልስ (የደንበኞች አገልግሎት ባልደረባ)

ከላይ የተባለው በሰዋስው ረገድ ትክክል ነው፤ ቀን ከሌት እንግሊዝኛ የሚናገሩ ደንበኞችን ስለማስተናግድ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎች ራሳቸው «ዉድ ዩ ማይንድ» ሲባሉ «ሹር» ወይም «የስ፣ ኦፍ ኮርስ» ብለው ሲመልሱ በየጊዜው ይሰማል። ቃል በቃል ከተወሰደ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ማለት ይሆን ነበር፤ ማንም ግን እንደዚያ አይረዳውም። የድምፁ ቃና ፈቃደኛነትን ስለሚናገር ጠያቂው አመስግኖ ያልፋል። ስለዚህ በስልክ «ሹር» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት አይደናገሩ።

በጽሑፍ ግን ቃና የለም፤ ብቻውን የቆመ «የስ» ወዲያም ወዲህም ሊተረጎም ይችላል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው የሚያደርጉትን ነገር ራሱን እንዲጽፉ ነው፦ «ሹር፣ አይል ሴንድ ኢት ባይ ዌንስዴይ»፣ ማለትም «እሺ፣ እስከ ረቡዕ እልከዋለሁ»። ቀኑ ከተጻፈ አንባቢው ምንም የሚጠራጠርበት ነገር አይኖርም።

መልስ (የእንግሊዝኛ መምህር)

ጥያቄሽ ከኢሜይሉ ስለሚሰፋ ግሱን ትንሽ ልዘርዝረው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ማይንድ» ተጠንቀቅ ማለትም ነው። «ማይንድ ዩር ሄድ» ዝቅ ባለ በር ላይ «ጭንቅላትህን እንዳትመታ» የሚል ማሳሰቢያ ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 ገደማ ጀምሮ መንገደኛን የሚያሳስብበት «ማይንድ ዘ ጋፕ» ደግሞ በባቡሩና በመቆሚያው መካከል ያለውን ክፍተት ልብ በሉ የሚል ነው። አሜሪካውያን እንዲህ ባለ ቦታ «ወች» ማለት ይቀናቸዋል፤ «ወች ዩር ስቴፕ» ይላሉ።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው መጠበቅና መንከባከብ ነው። አንድ ሰው «ኩድ ዩ ማይንድ ማይ ባግ?» ካለሽ ቅር ይልሽ እንደሆነ አልጠየቀሽም፤ ቦርሳዬን እይልኝ ነው ያለሽ። በብሪታንያ የሰው ልጆችን በክፍያ ቤቷ የምትጠብቅ ሴት «ቻይልድማይንደር» የምትባለውም በዚሁ ትርጉም ነው።

እነዚህ ሁሉ ፍቺዎች የተዘበራረቁ የሚመስሉት ሥሩ ስለማይታይ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ በዋናነት ትውስታን ያመለክት ነበር፤ «ሪማይንድ»፣ ማለትም ማስታወስ፣ ያንን ፍቺ ይዞ ቆይቷል። በስኮትላንድ ዛሬም «ማይንድ» ሲሉ ታስታውሳለህ ማለታቸው ሊሆን ይችላል። በልብ ከመያዝ ወደ ልብ ማለት፣ ልብ ከማለት ወደ መጠንቀቅ፣ ከዚያም አንድን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሮ ቅር ወደ መሰኘት እየተሻገረ እንደ ሄደ ብታስቢው ሁሉም ፈር ይይዝልሻል።

መልስ (አንባቢ)

ስሙ የበለጠ ያስደስተኛልና እኔ በእርሱ ልምጣ። መዝገበ ቃላቱ «አእምሮ» ይበል እንጂ በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው «ልብ» ወይም «ሐሳብ» ነው። «አይ ቼንጅድ ማይ ማይንድ» ሐሳቤን ቀየርኩ፣ «ኢት ስሊፕድ ማይ ማይንድ» ከሐሳቤ ወጣ፣ «ኪፕ ኢት ኢን ማይንድ» ልብ በል፣ «ሜክ አፕ ዩር ማይንድ» ቁርጡን ወስን፤ «አይ አም ኢን ቱ ማይንድስ» ደግሞ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል፣ መወሰን አቅቶኛል። በእነዚህ ውስጥ «አእምሮ» እያሉ መተርጎም ጽሑፉን ድርቅ ያደርገዋል፤ በትርጉም መጻሕፍት ሳየው በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ጥንድ ግን በተለይ ልብ ይበሉ። «ፒስ ኦፍ ማይንድ» ማለት የአእምሮ ሰላም ነው። «አይ ጌቭ ሂም ኤ ፒስ ኦፍ ማይ ማይንድ» ደግሞ «ልክ ልኩን ነገርኩት» ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው። በፊደል ግን የመጀመሪያው «ፒስ» ሰላም ሲሆን ሁለተኛው ቁራጭ ነው። ሲነገር የሚለያቸው መሃል ላይ የገባችው «ማይ» ናት፤ ያቺን ያልሰማ ሰው ቁጣውን እርቅ አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

ጥያቄ (ጸሐፊዋ)

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ ስብሰባው ጠዋት ይሁን ከሰዓት ብለው ሲጠይቁኝና ሁለቱም የሚስማማኝ ሲሆን «አይ ዶንት ማይንድ» ማለት ይቻላል? «አይ ዶንት ኬር»ስ?

መልስ (የትርጉም ሠራተኛ)

የመጀመሪያውን በይ፣ ሁለተኛውን ተዪው። «አይ ዶንት ማይንድ» ለእኔ ሁለቱም ይስማማኛል ማለት ነው፤ በተለይ ብሪታንያውያን በዚህ ቦታ አዘውትረው ይሉታል። «አይ ዶንት ኬር» ግን «ምን አገባኝ» የሚል መንፈስ አለው፤ ስብሰባው ቢኖርም ባይኖርም ጉዳይሽ ያልሆነ ያስመስላል። የእኛ «ግድ የለኝም» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ስተረጉም ሁልጊዜ ቆም ብዬ የማስብበት ቦታ ነው። በኢሜይል ከሁለቱም ይልቅ «ኢዘር ታይም ዎርክስ ፎር ሚ»፣ ማለትም «ሁለቱም ሰዓት ይመቸኛል» ብትዪ የተሻለ ነው።

«ኔቨር ማይንድ» ሌላም ጥቅም አለው። «ሂ ካንት ዎክ፣ ኔቨር ማይንድ ረን» ሲባል «መሮጥ ይቅርና መራመድም አይችልም» ማለት ነው። እዚህ ላይ «ተወው» ብሎ የተረጎመ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ያጣዋል።

ጥያቄ (ጸሐፊዋ)

መልሴን ከመላኬ በፊት እዩልኝ፦ «ኖት አት ኦል። አይል ሴንድ ዘ ፋይል ባይ ዌንስዴይ። ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሴንድ ኢት ኢን ቱ ፓርትስ?» ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በሁለት ክፍል ልልከው ፈልጌ ነው።

መልስ (የእንግሊዝኛ መምህር)

ጥሩ መልስ ነው፤ የመጨረሻው ግስ ብቻ ይስተካከል። «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ» ካልሽ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ በኃላፊ ጊዜ ይሆናል፦ «ኢፍ አይ ሴንት ኢት»። ቅርጹ ኃላፊ ይሁን እንጂ የሚናገረው ገና ስለሚሆን ነገር ነው፤ «ብልከው» እንደምንለው። «ሴንድ» የሚለውን መተው ካልፈለግሽ ደግሞ በ«ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ» ጀምሪው። ሁለቱም ትሕትና አላቸው፤ ደንበኛው በ«ዉድ» ስለ ጠየቀሽ ግን አንቺም በ«ዉድ» ብትመልሺ ይሻላል።