«ኢቺጎ ኢቺኤ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ይህ የጃፓን አባባል «እያንዳንዷን ቅጽበት አጣጥም» ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ። ከሻይ የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ትርጉሙ ግን ሰዎቹን አውጥቶ ጥሏቸዋል። «ኢቺጎ» አንድ ዕድሜ፣ «ኢቺኤ» አንድ መገናኘት ነው። ነገሩ የጋባዥና የእንግዳ ነው። ያው ጋባዥ፣ ያው እንግዳ፣ ያው ክፍል ሆኖ ደጋግመው ቢጠራሩ እንኳ የዛሬው መገናኘት ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ጋባዡ ሳይሰስት ያሰናዳ፣ እንግዳውም ልፋቱን ይወቅለት ነው። ሐሳቡ የሻይ ሊቁ የሴን ኖ ሪክዩ ደቀ መዝሙር ያማኖዌ ሶጂ በጻፈው ውስጥ አለ። በአራት የጃፓን ፊደል አሳጥሮ ያስፋፋው ግን ኢ ናኦሱኬ የተባለ የሾጉኑ፣ ማለት የጃፓን ወታደራዊ ገዥ፣ ታላቅ ሹም ነው። ሻይ አዋቂ ነበር። ፖለቲካው ግን አልማረውም፤ በ1860 እ.ኤ.አ. ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ግንብ በር አጠገብ ገደሉት።

እኔ ብሆን «በዕድሜ አንዴ የሚገኝ መገናኘት» እለዋለሁ። ይረዝማል፣ ምን ይደረግ።

ጥያቄ፦ «የሻይ ሥነ ሥርዓት» ማለትስ ልክ ነው?

መልስ፦ ያስኬዳል። እነሱ ግን «ቻኖዩ» ይሉታል፤ ለሻይ የሚሆን ሙቅ ውሃ እንደ ማለት። ወይም «ሳዶ»፣ የሻይ መንገድ። የስሙ ትሕትና ከሪክዩ ጠባይ ጋር ይገጥማል። የእሱ ሥራ ነው የሚባለው ታይአን የተሰኘ ክፍል የሁለት ታታሚ ምንጣፍ ስፋት ብቻ አለው። በሩ ካልዳሁ አያስገባም። ሳሙራይም ሰይፉን ውጭ ትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። የሪክዩ ጌታ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በበኩሉ በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል አሠርቶ ነበር! በ1591 ሪክዩ ራሱን እንዲያጠፋ አዘዘው። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል።

የሚጠጣው ማቻ ነው፤ የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ፣ በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ። ወፍራሙን «ኮይቻ» እንግዶቹ ከአንድ ጎድጓዳ ስኒ እየተቀባበሉ ይጠጡታል። ቀጭኑ «ኡሱቻ» ለየሰው ለየብቻ ይቀርባል። እንግዳው ስኒውን አዙሮ ነው የሚጠጣው፤ በፊት ለፊቱ በኩል መጠጣት ነውር ነው።

ሌላ አባል፦ ከሻይ ሳንወጣ ሁለት ልጨምር። «ኦቻ ዎ ኒጎሱ» ቃል በቃል ሻይ ማደፍረስ ነው። ወጉን የማያውቅ ሰው ሻዩን ዝም ብሎ አደፍርሶ ማቻ አስመሰለው ከሚል ወሬ የመጣ ነው ይሉታል። የእኛው «አድበስብሶ ማለፍ» በደንብ ይተካዋል። «ሄሶ ዴ ቻ ዎ ዋካሱ» ደግሞ እምብርት ላይ ሻይ ማፍላት ነው። የማይረባ፣ የሚያስቅ ወሬ ለሚያወራ ሰው ይባላል።

ጠያቂ፦ ይቺን ለአንድ ጓደኛዬ ወስጃታለሁ።