ኤችፒ 8300 ተንቀራፏል፣ ቀኑን ይረሳል፣ በራሱ ይጠፋል፦ ራም ልጨምር ወይስ ሌላ ልግዛ?

ኮፒ_ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ለጽሕፈትና ለህትመት የምንጠቀምበት ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300 አለ፣ ትንሹ ኬዝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 3470፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ነው።

ለመነሳት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከተነሳም በኋላ ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት እንዳለ ይቆያል። ማታ ከሶኬት ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ ጠዋት 163 የሚል መልእክት ያወጣና ቀኑን ወደ ድሮ ይመልሰዋል፤ ያኔ ኢሜይሉም ሌላውም ድረ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፈትም። ቪዲዮ ትንሽ ከቆየ ደግሞ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ከዚያ የፓወር መብራቱ በቀይ ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ሁለት ጊዜ። ድምፅም አለው።

ሱቅ ስጠይቅ «8 ጊጋ ራም ጨምርበት፣ ይስተካከላል» አሉኝ። ሌላ ሰው ጣለው ይላል። በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የብዙ ዓመት ፋይሎች አሉበት። ከየት ልጀምር?

ሶኬት_1155

ወንድሜ፣ ራሙን ለጊዜው ተወው። የዘረዘርካቸው ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ራም አንዱንም አይፈታም። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ፋይሎቹን ወደ ውጪ ዲስክ ገልብጥ፤ ከሁሉ በፊት ይሄ ይቅደም። ዲስኩ ሁልጊዜ 100 ላይ የሚቆየው ዊንዶውስ ስለከበደው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ መነበብ ያቃተው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ቁራጭ ቦታ) ላይ ደጋግሞ እየሞከረም ሊሆን ይችላል።

ከገለበጥክ በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈትና አራት መስመር ተመልከት፦ 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7። 05 ዲስኩ ራሱ የተካቸው የተበላሹ ሴክተሮች ናቸው። ሲ5 ገና ያልተተኩ፣ ማንበብ ያቃተው ቦታ ነው፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩን አትመነው። ሲ6 ሊታረሙ ያልቻሉት ናቸው። ሲ7 (የግንኙነት ስህተት) ብቻውን ከጨመረ ግን ዲስኩ ላይሆን ይችላል፣ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ቀይረህ እየጨመረ መሆኑን ተከታተል።

ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መመርመሪያ) ባክአፕ ሳትይዝ እንዳታስነሳ። የሚሞት ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ነው፤ የቀረችውን ዕድሜ እዚያ ላይ ይጨርሳል።

በተጨማሪ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብተህ ራሙን ስንት እንደሚልና ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ንገረን።

አቧራ_ጠራጊ

ቀዩ መብራት ግልጽ ነው። በዚህ የኤችፒ ትውልድ ሁለት ብልጭታ ማለት ፕሮሰሰሩ ከልክ በላይ ሞቆ ራሱን ለማዳን ጠፋ ማለት ነው። አራት ቢሆን ፓወር ሰፕላይ፣ አምስት ቢሆን ራም ነበር። ስለዚህ ሱቁ ያለህን ማሽኑ ራሱ አላለም።

ሂትሲንኩን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚወስደውን ብረት) ለማውረድ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቀው፤ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ያለው የደረቀ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይለሰልሳል። ከዚያ ገመዱን ነቅለህ የፓወር ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጫን፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። አራቱን ብሎን በሰያፍ እያፈራረቅህ ፍታ። ሂትሲንኩን ቀጥ አድርገህ አትሳበው፤ ግራና ቀኝ በቀስታ አዙረህ ካላቀቅከው በኋላ አንሳው። ማራገቢያውን ስታነሳ አቧራው ፎቅ ሠርቶ ታገኘዋለህ፤ ከላይ ንጹሕ የሚመስለው ማራገቢያ ከሥሩ ያሉት የብረት ክንፎች መሃል ወፍራም ምንጣፍ ይደብቃል፣ አየር ጭራሽ አያልፍም። ብሎወር ስትጠቀም የማራገቢያውን ክንፍ በጣትህ ያዘው። በንፋስ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ቡሹ ይበላል።

አሮጌውን ፔስት በኢሶፕሮፒል አልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ከሁለቱም ወገን ጥረገው። አዲሱ የምስር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃል፣ በጣት አትቀባው። ብሎኖቹን እንደገና በሰያፍ፣ ሁሉንም ግማሽ ግማሽ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አጥብቅ። የማራገቢያውን ሶኬት ከረሳህ ሲነሳ 511 ይልሃል።

የቀኑ ጉዳይ ባትሪ ነው። ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ ይመገባል፤ ሲነቀል ግን ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ሲአር2032 ባትሪ ብቻ ይኖራል። አዲሷ 3 ቮልት ነች፤ በመልቲሜትር ከ2.7 በታች ካነበበች ቀይራት። ሲአር2025 አትግዛ፤ ቮልቷ አንድ ቢሆንም ቀጭን ስለሆነች በደንብ አትነካም። የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ድረ ገጾቹ እንቢ የሚሉህም በዚሁ ነው፤ የደህንነት ሰርተፊኬታቸው በተሳሳተው ቀን ሲታይ ገና አልጀመረም ይባላል።

ባትሪውን ከቀየርክ በኋላ በኤፍ10 ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ግባና ስቶሬጅ ሥር ሳታ ኢሙሌሽን (ማሽኑ ዲስኩን የሚያነጋግርበት መንገድ) የሚለውን እይ። ቀድሞ ከነበረበት ከተለወጠ ዊንዶውሱ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል፤ ብዙ ሰው ያኔ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ፎርማት ያደርጋል። መልሶ ማስተካከል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ኮፒ_ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሎቹን ገልብጫለሁ፤ ሁለት ፎልደር ላይ በጣም ዘገየ እንጂ አለፈ። ባትሪውም ተቀየረ፣ ቀኑ ቆሟል። ፔስቱ ከተቀየረ በኋላ ቪዲዮ ላይ ሙቀቱ 62 ዲግሪ ነው፣ አልጠፋም።

ሲ5 መስመር ላይ 000000000018 ይላል፣ ሌሎቹ ዜሮ ናቸው። 18 ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? ራሙ ደግሞ «4.00 ጊጋ፣ ጥቅም ላይ የሚውል 3.20» ይላል፣ ሲስተሙ 32 ቢት ነው።

ሶኬት_1155

ያ ቁጥር በ16 ቤት (ሄክሳዴሲማል) የተጻፈ ነው፣ ስለዚህ 1×16 + 8፣ 24 ሴክተር ማለት ነው። ከፈለግህ ፋንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫልዩስ ውስጥ ወደ 10 ቤት ቀይረው። ብዛቱ ብዙም አያስጨንቅህ፤ ዜሮ አለመሆኑ በቂ ነው። የዘገዩት ሁለቱ ፎልደሮች ያሉት እዚያው አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለዚህ የተገለበጡትን አንድ በአንድ ከፍተህ አረጋግጥ። የማይከፈት ካለ ዲስኩን አጥፍተህ አስቀምጠው፤ ከሊነክስ (ከዊንዶውስ ሌላ የሆነ ነፃ ሲስተም) ሆኖ በዲዲ ሬስኪው፣ ከታመመ ዲስክ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም፣ ማውጣት ይሞከራል።

32 ቢት መሆኑ ደግሞ የራሙን ምክር ከሥሩ ያፈርሰዋል። 8 ጊጋ ብትጨምርበትም ያው ከ3.2 አካባቢ አያልፍም። ከ32 ወደ 64 ቢት በማሻሻያ አይኬድም፣ አዲስ መጫን ግድ ነው። ያው ማሽንና ያው እትም እስከሆነ ድረስ ፈቃዱ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዛ፣ 240 ወይም 500 ጊጋ። ኤም.2 ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ኤስኤስዲ አትግዛ፣ ይሄ ቦርድ ከሱ አይነሳም። የቦርዱ ቺፕሴት ኪው77 ስለሆነ 6 ጊጋቢት የሚሠሩት ሁለት የሳታ ወደቦች ብቻ ናቸው፣ የቀሩት 3 ጊጋቢት ናቸው፤ ኤስኤስዲውን የድሮው ሃርድ ዲስክ በነበረበት ሳታ 0 ላይ ሰካው። ክሎን አታድርግ። የታመመ ዲስክና 32 ቢት ሲስተም መገልበጥ ምን ያደርግልሃል? ከገዛህ በኋላ ኤስኤስዲው ባዶ ሳለ በኤች2 ቴስት ደብሊው እስከ ጫፉ ሙላውና አስነብበው፤ የውሸት መጠን የተጻፈበት ካለ እዚያ ይጋለጣል።

ከዚያ ራም። ዲዲአር3 1600፣ 240 ፒን፣ የዴስክቶፕ፣ ኢሲሲ (ስህተት አራሚ የሰርቨር ራም) ያልሆነ። 4 ስሎት አለው፣ እስከ 32 ጊጋ ይይዛል፣ ለአንተ 8 ይበቃል። ያለህ አንድ ባለ 4 ከሆነ ሌላ ባለ 4 ጨምር፣ በሲፒዩ ዚ ሜሞሪ ገጽ ላይ ዱዋል (ሁለቱ ራም አብረው ይሠራሉ ማለት ነው) የሚለውን እስክታይ ስሎት ቀያይር። ሁለት ወጥመድ አለ፦ የሰርቨር ሬጅስተርድ ራም ርካሽ ነው ግን አያስነሳውም፤ «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባለው ባለ 8 ጊጋም ኢንቴል ላይ አይሠራም። አምስት ቀይ ብልጭታ ካየህ ከነዚህ አንዱን ገዝተህ ሊሆን ይችላል።

ግራፊክስ ካርድ ለጽሕፈት ሥራ አያስፈልግህም። ፓወር ሰፕላዩም 240 ዋት ነው።

ፊደል_ገበታ

ሲስተሙን በተመለከተ፦ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ማሻሻያው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ቆሟል። የተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ለመመዝገብ 22ኤች2 (የመጨረሻው የዊንዶውስ 10) እትምና የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ 8ኛ ትውልድ ኢንቴልና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ይሄ 3ኛ ትውልድ ነው። በጎን በር መጫን ይቻላል፣ ለመተዳደሪያ ሥራ ግን አልመክርም።

ሊነክስ ሚንት 22 በዚህ ማሽን ላይ በምቾት ይሠራል፣ አማርኛም በአይበስና በኤም17ኤን (በሊነክስ የመጻፊያ ፕሮግራሞች) ይጻፋል። ነገር ግን ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የቆዩት ፋይሎች ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ካልሆኑ ፊደሉ ያለው ፎንቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ስለዚህ ዶክመንቶችን ብቻ ገልብጠህ እንዳትቀር። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ያዝ፣ የፕሮግራሙን መጫኛም ፈልግ። ተመልሰው የማይታረሙትን ሰነዶች ፎንቱ እንዳለ አሁኑኑ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራቸው። ደንበኛ የድሮ ፋይል አምጥቶ «አስተካክልልኝ» የሚልበት ቤት ከሆነ ዊንዶውስ 10ን 64 ቢት ጭነህ በተራዘመው ማሻሻያ ቆይ፣ ሚንቱን ከፍላሽ አስነስተህ ከነፕሪንተሩ ሞክረው።

አቧራ_ጠራጊ

አንድ የቀረ ነገር፦ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው። ለዚህ ማሽንና ለአንድ ስክሪን 650 ቪኤ ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን በባትሪ በሚደገፈው ሶኬት ላይ አትሰካው። ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍል በቅጽበት ብዙ ዋት ስለሚስብ ዩፒኤሱ ይጮህና ሁሉንም ያጠፋዋል።

ኮፒ_ቤት

ገባኝ፣ ኤስኤስዲና አንድ ባለ 4 ጊጋ ራም እገዛለሁ። የድሮውን ዲስክ ፎርማት አድርጌ ለባክአፕ ልያዘው?

ሶኬት_1155

አይሆንም። ፎርማት ሲደረግ ሲ5 ወደ ዜሮ ሊመለስ ይችላል፣ ያ ግን ሴክተሮቹ ተተኩ ወይም እንደገና ተጻፈባቸው ማለት እንጂ ዲስኩ ዳነ ማለት አይደለም። ነቅለህ ቀን ጻፍበትና ሁሉም ፋይልና ፎንት በአዲሱ ላይ መከፈታቸው እስኪረጋገጥ ሳትነካው አስቀምጠው። ባክአፑ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ላይ ይሁን።