የሳይነስ ኦፕራሲዮን ተደርጌ ኢንፌክሽን ገባብኝ፣ ሆስፒታሉን መክሰስ እችላለሁ?

የጉለሌዋ፦
ሰላም እንደምን ናችሁ፣ ህግ የሚያውቅ ወይ እንደኔ የደረሰበት ካለ ይምከረኝ ብዬ ነው። አፍንጫሽ ውስጥ ፖሊፕ (ትርፍ ሥጋ) አለ ሳይነስሽም ተደፍኗል ተብዬ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ሲጨርሱ ደሙ እንዲቆም ብለው ፋሻ ጠቀጠቁብኝ፣ በቀጠሮዬ ቀን አወጡልኝና በቃ ጨርሰናል አሉኝ። ከዛ በኋላ ግን ትኩሳቱ ራስ ምታቱ አይጣል ነው፣ ካፍንጫዬ የሚወጣው ሽታ ደሞ ለራሴም አስጠላኝ፣ ተመልሼ ስሄድ "ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ነው ይለቅሻል" እያሉ ማስታገሻ ሰጥተው ይሸኙኛል፣ የሰራኝ ዶክተር አንዴም ወጥቶ አላየኝ። በመጨረሻ ቀኝ ዓይኔ አብጦ አልገለጥ ሲል ባለቤቴ ሌላ ሆስፒታል ይዞኝ ሮጠ፣ ሲቲ ስካን ተነስቼ መግሉ ወደ ዓይንሽ ተጠግቷል ተባለና በዛው ሌሊት እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ። ካወጡት ውስጥ የፋሻ ቁራጭ ነበረበት!! እግዚአብሔር ይመስገን ዓይኔ ተርፏል፣ ግን እስካሁን ምንም አይሸተኝም። ስራዬ ደሞ ምግብ ቤት ነው፣ ወጡ ይረር አይረር በምን ልወቀው።

አሁን የመጀመሪያዎቹ የኦፕራሲዮኑን ብር እንመልስልሽ ግን ይቺን ፈርሚ ይሉኛል፣ ወረቀቷ "ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" ትላለች። ካርዴን ኮፒ አድርጉልኝ ስላቸው አይሰጥም። አሜሪካ ያለችው እህቴ በሚሊዮን ነው የምትጠይቂያቸው ትላለች፣ ባለቤቴ ደሞ ከሆስፒታል ጋር ተካሶ ማን አሸንፎ ያውቃል ብሩን ተቀበይና እንረፍ ይላል። ከመግባቴ በፊት "ኢንፌክሽን ሊያጋጥም ይችላል" የሚል ፎርም ፈርሜያለሁ፣ እሱ ያስቀርብኛል እንዴ?

አቤል ዘ ፒያሳ፦
ምን ክስ ትያለሽ እህቴ ቲክቶክ ላይ ከነስማቸው አውጫቸው፣ በሁለት ቀን ነው እቤትሽ ድረስ መጥተው የሚለምኑሽ

ሲስተር መ፦
እግዜር ይማርሽ እህቴ። አንገት በላይ ክፍል ብዙ ስለሰራሁ የማውቀውን ልበል። ኢንፌክሽኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ አፍንጫ ከጀርም የጸዳ ቦታ አይደለም፣ ጎበዝ ሐኪም እጅ ላይም ያጋጥማል። ያንቺን የሚለየው ሁለት ነገር ነው። ፋሻ ሲገባ ስንት እንደገባ ይጻፋል፣ ሲወጣም ይቆጠራል፣ ስለዚህ የኦፕራሲዮን ሪፖርቱና የነርሶቹ ቻርት ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ደሞ ተመልሰሽ ስትሄጂ የሆነው ነው። ሳይነሱን ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፣ ለዛ ነው የሳይነስ ኦፕራሲዮን የተሰራ ሰው በትኩሳትና በመጥፎ ሽታ ሲመጣ በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ገብቶ ማየት፣ የመግሉን ናሙና ለካልቸር (ጀርሙን ለሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ) መላክ፣ ካስፈለገ ሲቲ ማዘዝ የሚጠበቀው። ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ምን የሚሉት ህክምና ነው!

ከሁለተኛው ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን፣ ዲስቻርጅ ወረቀቱን፣ የካልቸር ውጤቱንና የሲቲውን ሲዲ አሁኑኑ ውሰጂ፣ ፋሻው ስለመገኘቱም ሐኪሙ በጽሁፍ ያስቀምጥልሽ። ሽታው ሊመለስ ይችላል ግን ወራት ይፈጃል፣ ተስፋ አትቁረጪ። ሌላ ደሞ ስታጎነብሺ ካንዱ አፍንጫሽ ንጹህ ውሃ የሚመስል ነገር ጠብ ጠብ ካለ ወይ አንገትሽ አልታጠፍ ካለ ነገ ዛሬ ሳትይ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ክሱ ይደርሳል።

ነገረ ፈጅ፦
አቤል ምክርህ ሰው ያሳስራል። ጉዳዩ ሳይጣራ ስም ጠርታ ብታወጣ በወንጀል ህጉ አንቀጽ 613 በስም ማጥፋት ራሷ ተከሳሽ ትሆናለች።

እህቴ መጀመሪያ ያቺን ወረቀት እንዳትፈርሚ። እንዲህ ያለው ስምምነት በፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 3312 በተስማሚዎቹ መሀል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ ነገ ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ብትባዪ ከኪስሽ ነው። መስማማት ነውር ሆኖ አይደለም፣ ግን ጉዳትሽ ልኩ ሳይታወቅ በምን ሂሳብ ትስማሚያለሽ?

ቅድሚያ የፈረምሽው ፎርም ያን ያህል አያስፈራም፣ ኢንፌክሽን ሊያጋጥም እንደሚችል አውቄያለሁ አልሽ እንጂ ፋሻ ርሱብኝ አላልሽም። ሲስተር ኢንፌክሽኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም ያለችው ግን የክሱም ዋና ነገር ነው። ቁጥር 2647 ሐኪም ኃላፊ የሚሆነው የሙያውን ደንብ ሲታይ ጥፋት ከሰራ ብቻ ነው ይላል፣ ስለዚህ "ታክሜ ኢንፌክሽን ያዘኝ" ብለሽ ብቻ ብትገቢ ትወድቂያለሽ። ክሱ መቆም ያለበት በቀረው ፋሻና እየተመላለስሽ ሳይመረምሩ በመሸኘታቸው ላይ ነው። ቁጥር 2651 ደሞ የህክምና ተቋሙ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ባጠፉት ይጠየቃል ስለሚል ዶክተሩን ብቻ ሳይሆን ድርጅቱን ነው የምትከሺው፣ መክፈል የሚችለውም እሱ ነው።

ጊዜው ላይ አትዘናጊ። ከሆስፒታሉ ጋር ውል ስላለሽ ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) በ1845 መሰረት 10 ዓመት ነው የሚል ጠበቃ አለ፣ ክርክሩ ያስኬዳል፣ ግን ተከሳሹ ተነስቶ ይሄ ከውል ውጪ ኃላፊነት ነው (ከውል ሳይሆን ጉዳት ከማድረስ የሚመጣ)፣ ቁጥር 2143 2 ዓመት ብቻ ነው የሚሰጠው ብሎ መቃወሚያ ያቀርባል። እኔ ብሆን 2 ዓመቱ ሳይሞላ ፋይል እከፍታለሁ፣ በዚህ ቁማር አልጫወትም።

የሚሊዮኑን ነገር ለእህትሽ አስረጂያት። ያወጣሽው ወጪ በደረሰኝ፣ የቀረብሽ ገቢና ወደፊት የሚቀርብሽ ይጠየቃል፣ ልኩን በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ ዳኛው በ2102 በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባለው ግምት ይቆርጠዋል። ለዚህ ሽታ ማጣትሽ በስራሽ ላይ ያመጣውን ጉዳት የሐኪሞች ቦርድ በፐርሰንት ቢያስቀምጥልሽ ጥሩ ነው። ለስቃይሽና ለድንጋጤሽ ግን፣ ማለትም ለህሊና ጉዳት፣ ቁጥር 2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው! ህጉ የ1952 ነው፣ ብሩ ሲረክስ ቁጥሩ እዛው ቀረ።

የጤና ባለሙያዎች ስነ ምግባር ኮሚቴ ጋርም አቤቱታ አስገቢ። ካሳ አይወስንም፣ የሱ ስራ ከማስጠንቀቂያ እስከ ፈቃድ መንጠቅ ድረስ ነው፣ ግን "ጥፋት አለ" የሚል የባለሙያ አስተያየት ከሰጠ ፍርድ ቤት ዋጋ አለው፣ ፍርድ ቤቶችም ራሳቸው ይጠይቁታል። በወንጀልም ቢሆን አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ሲያነሳ ሐኪምን ጠቅሶ ነው፣ እኔ ግን በፖሊስ መጀመሩን ብዙም አልወደውም፣ ማስረጃሽ ሁሉ እዛ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ትጠብቂያለሽ።

ሜሪላንድ ነኝ፦
1,000 ብር?? እዚህ አሜሪካ እኛ ጋም ገደብ አለው ግን በ2025 እ.ኤ.አ 905 ሺ ዶላር ነበር lol። የእህቷ ሀሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ እዚህ ሎየሩ (ጠበቃው) ካሸነፈ ነው ፐርሰንቱን የሚወስደው፣ ግን እሱም ያለ ነገር አይነካውም፣ ሌላ ሐኪም አይቶት ስህተት አለ ብሎ ሰርተፊኬት ካልፈረመ ኬዙ አይሄድም። ለኔ ዘመድ ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ አንወስድም ብለው ነው የመለሷት

የጉለሌዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ባለቤቴም አነበበው ዝም ብሏል😅 ኦፕራሲዮኑ አምና ሚያዝያ ነው ጊዜ አለኝ ማለት ነው። ሁለተኛው ሆስፒታል ያወጡትን ላቦራቶሪ ልከውታል ውጤቱን ሰኞ እቀበላለሁ። የጠበቃውና የፍርድ ቤቱ ወጪ ግን ከየት ይመጣል፣ ካርዱንስ እንቢ ካሉ?

ነገረ ፈጅ፦
የዳኝነት (የፍርድ ቤቱን ክፍያ) መክፈል ካቃተሽ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍዪ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ፣ ለምክሩ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋ ጎራ በይ፣ የዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የህግ ድጋፍ አላቸው። ካርዱን በቃል አትጠይቂ፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ማመልከቻ ጽፈሽ በሁለት ኮፒ ሂጂ፣ አንዱ ላይ ቀንና ማህተም አስመትተሽ ተመለሺ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ፣ ክሱ ሲከፈት ፍርድ ቤቱ ካርዱ ይቅረብ ብሎ እንዲያዝልሽ ስንጠይቅ እሱን ነው የምናያይዘው።