ጥቆማ ፈልጌ ነው፦ ለትምህርት ቤት የሚሆን፣ ልጆችን የማይጎዳ የጽዳት ዕቃ ከየት ነው የምትገዙት?

የሜሪ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ጠዋት ልጆቹን ስናደርስ የበረኪናው ሽታ ከበር ጀምሮ ነው የሚቀበለን። ወለሉ የሚወለወለው ልጆቹ ሊገቡ ሲሉ ነው። አስም ያለባቸው ሕፃናት አሉን፤ አንዷ እናት ልጇ ክፍል ገብቶ ሳይቆይ ማሳል እንደሚጀምር ነግራናለች። ዳይሬክተሯ «አማራጭ አምጡልኝ፣ እቀይራለሁ» ብለውናል። ለወለልና ለጠረጴዛ የሚሆን፣ ለልጆችም ለአካባቢም የማይጎዳ፣ በ20 ሊትር ጀሪካን የሚሸጥ የምታውቁት አለ? ዋጋው አሁን ከምንገዛው ላርጎ ብዙ ባይርቅ ደስ ይለናል።

ቱቱ መርካቶ፦
አትድከሚ እህቴ፣ መርካቶ ሂጂ። እኔ የምገዛበት ሰውዬ በጀሪካን ይሸጣል። የሎሚ ሽታ አለው፣ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ያውደዋል። ዋጋውም የሱፐርማርኬቱን ግማሽ አይሞላም።

የሜሪ እናት፦
አመሰግናለሁ። ምን ምን እንዳለበት ጀሪካኑ ላይ ተጽፏል?

ቱቱ መርካቶ፦
ጽሑፍ የለውም። ግን ሰውዬው ታማኝ ነው። አባቴም ከእሱ ነበር የሚገዛው።

ዳግም፦
እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የጥራት ምርመራው «አባቴም ከእሱ ነበር የሚገዛው» ሆነ ማለት ነው። ላቦራቶሪውን እንዝጋው!

እታለም፦
ቀልዱን ትታችሁ ይቺን ስሙኝ። እህቴ ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት ነው የምትሠራው። «አዲስ ነው፣ ግሪን ነው፣ አይጎዳም» ተብሎ አረንጓዴ ፈሳሽ በሃይላንድ ተሰጣት። ምንም አልተጻፈበትም። ሽንት ቤቱ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም አይከፈትም። ፈሳሹን አፈሰሰችበት፣ እንደለመደችው በላዩ በረኪና ጨመረች። ወዲያው ዓይኗ ተቃጠለ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ግድግዳ ተደግፋ ነው የወጣችው። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጣት። ለካ «ግሪን» የተባለው የሽንት ቤት አሲድ ነው፣ ቀለም ተጨምሮበት! አሠሪዎቿ ደግሞ «ተጠንቅቀሽ ብትሠሪ ኖሮ» አሏት። የቀረችበትንም ቀን ቆረጡባት። እባካችሁ በሃይላንድ የተቀዳ ነገር ትምህርት ቤት አታስገቡ።

ሚሚ፦
ውይ፣ እግዚአብሔር ይማራት! የት ትምህርት ቤት ነው? ስም ጥቀሺና እንጠንቀቅ።

እታለም፦
ስም አልጠራም። አሁንም እዚያው ናት፣ እንጀራዋ ነው።

ናሆም፦
እታለም፣ ይሄ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም የሕክምና ወጪውን ይሸፍናል። የሐኪም ቤት ወረቀቷን እንዳትጥል። የወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳ ትጠይቅ።

ሚሚ፦
እዚሁ እያለን፣ ነጭ ነጠላ ላይ የወጥ እድፍ ምን ያስለቅቃል?

አበበች፦
እንዶድ ነዋ! እናቶቻችን በምን አጠቡ? ለትምህርት ቤቱም እሱ ነው የሚሆነው። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም።

ቲቸር፦
ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

እታለም፣ እህትሽን የመታት ክሎሪን ጋዝ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ይወጣል። የሽንት ቤት አሲድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው። «ቤት ያለ ነገር ነው» ብሎ አቼቶን ከበረኪና የሚቀላቅል ሰው አውቃለሁ፤ ክልክል ነው። አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪናን ከቀዝቃዛ ውሃ በስተቀር ከምንም አትቀላቅሉ።

እማማ አበበች፣ በአክብሮት፦ እንዶድ ግሩም ሳሙና ነው። ግን ተፈጥሯዊ ሁሉ አይጎዳም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነው። እንዶድ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ በጣም ጠቃሚ ግኝት ነው። ዓሣም ግን ይገድላል። ነጠላ እጠቡበት፤ የትምህርት ቤት ወለል አጥባችሁ ወንዝ ውስጥ የምትለቁት ነገር አይደለም።

አበበች፦
ዕድሜዬን ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፣ አንድም ቀን አልጎዳኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሜሪላንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ። እዚህ አገር በአንዳንድ ስቴቶች ሕግ ነው። ኒውዮርክ ከ2006 ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን አስገድዳለች፣ ኢሊኖይም በ2007 ሕግ አወጣች። ግሪን ሲል ወይም ሴፈር ቾይስ የሚል ምልክት ያለበትን፣ ሽታ ያልተጨመረበትን ፈልጉ። በውሃ እየተበጠበጠ የሚሠራበት ስለሆነ አንድ ጠርሙስ ብዙ ባልዲ ይሆናል። ሰው ሲመጣ መላክ እችላለሁ።

ዳግም፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን እግዜር ያክብርልህ፤ ግን ትምህርት ቤት በሻንጣ አይዘለቅም።

የንብረት ክፍል፦
የሜሪ እናት፣ ጥያቄሽ ተረሳ መሰለኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነኝ። እኛም ይሄው ችግር ነበረብን፤ ለውጥ ያመጣልን ከዕቃው በላይ አሠራሩ ነው። ጽዳቱን ወደ ከሰዓት አዛወርነው፤ ልጆች ከወጡ በኋላ፣ መስኮት ተከፍቶ። ለጠረጴዛና ለወለል ሽታና ቀለም የሌለው፣ አምራቹና የደረጃ ምልክቱ የተጻፈበት ፈሳሽ ሳሙና፣ ትንሽ ብቻ። ሽታ ንጽሕና አይደለም፤ የሎሚውም ሽቶ አስም ያለበትን ልጅ ያስነሳበታል።

በረኪና ጨርሰን አልተውንም። ሽንት ቤት፣ ደምና ትውከት ካለ ያስፈልጋል። ግን በዓይን ግምት መጨመር ቀረ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለሽንት ቤት ወለልና መቀመጫ በ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ደም ሲሆን ጠንከር ይላል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ያደረ ኃይሉ ይቀንሳል። 10 ደቂቃ ይቆይና በውሃ ይታጠባል። ፅዳት ሠራተኞቹን ሰብስበን ባልዲው ላይ ምልክት አሰመርን፤ ማንበብ የማይችሉም በመስመሩ ይሠራሉ። ጓንት ደግሞ የግድ ነው። ከዚያ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፤ በውሃ ብቻ አቧራውንም ቅባቱንም ያነሳል። ለሽንት ቤትና ለክፍል ቀለሙን ለዩ። የበረኪና ወጪያችን በደንብ ወርዷል።

እታለም፦
ባልዲው ላይ መስመር ማስመሩን ለእህቴ እነግራታለሁ። እግዜር ይስጥልን።

ቱቱ መርካቶ፦
የእኔ ሰውዬ ግን አሲድ አይሸጥም። ይሄ ይታወቅልኝ።

ቲቸር፦
አይሸጥም ይሆናል። ምን እንደገባበት ወረቀት ላይ ይጻፍልህና እዚህ ለጥፈው፤ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የሜሪ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለኮሚቴው ይዤው እገባለሁ። ማይክሮፋይበሩ ጨርቅ የት ይገኛል? በብዛት የምንፈልገው።

የንብረት ክፍል፦
ሱፐርማርኬት የመኪና ማጽጃ ያለበት መደርደሪያ ጋ አለ። ስታጥቡት የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ መምጠጡን ያቆማል።

ቱቱ መርካቶ፦
እሱንማ መርካቶ በደርዘን ነው የሚሸጠው፣ በርካሽ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ስንት ልያዝልሽ?